ውቅር መርከብ

«ልጅቷ የታዘዘችውን ሠርታ ወደቀች ከተባለ፣ የወደቀው ማን ነው?»

ይህን የጠየቁኝ የኔታ ሀብተ ሥላሴ ናቸው፤ ሰኞ ጠዋት፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አርባ ዓመት ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። «አጣራለሁ የኔታ» አልኩ። የሚጣራ ነገር አልነበረም።

ልጅቷ የልጃቸው ልጅ ፅናት ናት፤ ያኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ። እኔ እየሩስ እባላለሁ። የተወለድኩት እዚሁ ላሊበላ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል በኋላ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደግሞ ደቡብ ኮሪያ፣ ቡሳን በምትባል የወደብ ከተማ የትምህርት ሥራ አመራር ተምሬ ተመለስኩ። ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሰዎች ለምን እንደተመለስኩ ሲጠይቁኝ ለእያንዳንዱ የተለያየ መልስ እሰጣለሁ። አንዱም ውሸት አይደለም፤ አንዱንም ግን አላምነውም።

አስተባባሪ ሆኜ የተቀጠርኩት ስሙን በማልጠራው አንድ ድርጅት ውስጥ ነው። ጦርነቱ ትምህርት ላቋረጠባቸው ልጆች «በጨዋታ መማር» የሚል ፕሮጀክት ነበረው። መጋቢት ላይ ሁለት ትልልቅ ሣጥን የፕላስቲክ ጡብ በጋሸና በኩል በጭነት መኪና መጣልን። አንዱ በሌላው ላይ የሚገጥም፣ አናቱ ላይ ትንንሽ እብጠት ያለው ዓይነት ነው። ልጆቹ በሁለተኛው ቀን «ጥርሶ» የሚል ስም አወጡለት።

ደንቡ ይህ ነበር፦ አምስት ቡድን ሆነው በሥዕል ላይ ያለውን የጭነት መርከብ ይሠራሉ፤ ሰኔ ላይ ከዋናው ቢሮ ገምጋሚ ይመጣል፤ የትምህርት ቤቱ አማካይ ውጤት ስልሳና ከዚያ በላይ ከሆነ ሣጥኖቹ የትምህርት ቤቱ ይሆናሉ፤ ከስልሳ ካነሰ ተጭነው ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳሉ። ይህን ለልጆቹ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ፅናት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

«ካለፍን የኛ ነው ማለት ነው ቲቸር?»

«የናንተ ነው።»

«ለሁልጊዜ?»

«ለሁልጊዜ።»

እጇን አጣምራ ሣጥኖቹን እንዴት እንዳየቻቸው አልረሳውም። የሚጫወቱበት ክፍል ቤተ መጻሕፍት ይባላል፤ መጽሐፍ የለበትም። ሣጥኖቹ እስኪመጡ ድረስ የነበረው የተሰበረ ወንበርና አንድ ሉል ነው፤ ሉሉም ከምድር ወገቡ ላይ ተሰንጥቋል።

የአሠራር መመሪያውን ወደ አማርኛ የመለስኩትም እኔው ነኝ፤ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ ቀን። እያንዳንዱን ደረጃ የሚያሳዩት ባለ ቀለም ገጾች የማተሚያው ቀለም አልቆ ነው ተብሎ ሳይታተሙ ቀሩ። ልጆቹ እጅ የደረሰው ያለቀለት መርከብ አንድ ሥዕልና የኔ አማርኛ ብቻ ነው።

አራቱ ቡድኖች ሥዕሉን ዓይተው ወረቀቱን ተዉት። በምሥጋናው የሚመራው ቡድን በመጀመሪያው ሳምንት ወለሉን ዘርግቶ ግድግዳ ማቆም ጀመረ። ፅናት፣ ፍሬና የአብስራ ግን ጡቡን ሳያቋርጡ ይቆልሉታል። ክፍተት የለው፣ ወለል የለው። የሙክት ራስ የሚያህል ድፍን ነገር ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

«ፅናት፣ መርከብ ውስጡ ክፍት ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ ቲቸር።»

«ታዲያ ለምን ሞላሽው?»

«ልፈለፍለው ነዋ።»

የአብስራ ጡብ እያቀበለ፣ «ታቦቱን ከየት እንደምናመጣለት ነው የጨነቀን» አለ።

«አንተ ዝም ብለህ ቀዩን አቀብል» አለችው ፅናት።

«መርከብ የሚጀመረው ከሥር ነው» አልኩ። «ወረቀቱን አላነበባችሁም?»

ፅናት ወረቀቱን ከደብተሯ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አስቀመጠች። *ደረጃ አንድ፦ የመርከቡን ውቅር ሥሩ።*

«ውቅር ይላል’ኮ።»

አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ውቅር ማለት የአንድ ነገር አጽም፣ አደረጃጀት፣ አቀማመጥ ማለት ነው። ኮምፒውተር ውቅር አለው፤ መሥሪያ ቤት ውቅር አለው። ቃሉን ስጽፈው የተማረ ሰው አማርኛ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ላሊበላ ውስጥ ግን ውቅር አንድ ነገር ብቻ ነው። አለቱ መጀመሪያ ዙሪያውን ይቆረጣል፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ይፈለፈላል፤ የቀረው ቤተ ክርስቲያን ይሆናል። እዚህ የተወለደ ልጅ ይህን የሚያውቀው የገዛ ቤቱን በር የሚያውቀውን ያህል ነው። እኔም አውቀው ነበር።

መርከብንም በተመለከተ ፅናት የምታውቀው አንድ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ የኖኅ መርከብ ምሳሌ ነው ይባላል በኛ አገር፤ የታችኛው ረድፍ መስኮቶች ድፍን የሆኑት ውሃ እንዳይገባ ነው ይባላል። የኔታ እጇን ይዘው ዙሪያውን እያዞሩ ነግረዋታል። እንግዲህ «መርከብ» እና «ውቅር» ተብሎ ተጽፎ ሲሰጣት ምን እንድትሠራ ነበር የተፈለገው? ወረቀቱን በትክክል ያነበበች እሷ ብቻ ነበረች።

ያን ቀን «ቃሉ ሌላ ትርጉም አለው፣ አፍርሱና ከሥር ጀምሩ» ማለት እችል ነበር። ሁለት ወር ተኩል ቀርቶን ነበር። አላልኩም። ግማሹ እፍረት ነው። ግማሹ ደግሞ ምን እንደሚወጣ ለማየት ጓጉቼ ነው። ይህን ግማሽ ለማንም አልተናገርኩም።

የውሃውን ሐሳብ ያመጣው የአብስራ ነው። «መርከብ ከሆነ ውሃ ላይ ይግባና እንየው፤ ጠረጴዛ ላይማ ድንጋይም አይሰምጥም» አለ። መመሪያው ውስጥ ስለ ውሃ አንድም ቃል የለም። የትምህርት ቤቱ የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ በሃይላንድ ውሃ ይዞ መጣ፤ ሰማያዊውን የጽዳት ሳፋ እስከ ግማሽ ሞሉት። አንዳንዱ ሁለት አምጥቶ ነበርና ሃያ ስድስት ጠርሙስ ሆነ።

መጀመሪያ የገባው የምሥጋናው ነው። ቆንጆ ነበር፤ ሥዕሉን ቁርጥ። በጎኑ ተኛ፣ አረፋ ተፋ፣ ወረደ።

«ወደ ገበያ ሄደ» አለች ፍሬ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ የፅናት ድፍን ጡብ ገባ፤ እሱ ደግሞ አናቱ ብቻ እስኪቀር ወርዶ እንደ ጉማሬ ቆመ። አሁን ምሥጋናው ሳቀ።

ፅናት አልሳቀችም። አውጥታ አራገፈችውና ከአናቱ መንቀል ጀመረች። ከአንድ ወገን ሲነቅሉ አዘነበለ። «ከዚህ ብቻ አትፈልፍል፣ ያነክሳል» ትለዋለች የአብስራን። ከግራ አንድ ሲያወጡ ከቀኝ አንድ ማውጣት ተማሩ። ከታች ያለውን ሲነኩት ደግሞ ይገለበጣል፤ «እታች ያለው አይነካ» የሚል ሕግ አወጡ። ፍሬ በየቀኑ ስንት ጡብ እንደወጣና መርከቡ ስንት ጣት እንደተነሣ በደብተር ትጽፋለች። ያንን ጻፊ ያላት የለም።

ቀጥሎ ውሃ በየስንጥቁ ገባ። ማስቲካ ሞከሩ፤ ለቀቀ። ፅናት አንድ ቀን ከአያቷ ቁራጭ ጧፍ ለምና መጣችና ስፌቱን ሁሉ በሰሙ ቀባችው፤ በአውራ ጣቷ ጥፍር እየደፈነች፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ። በሚቀጥለው ቀን መርከቧ ሳፋው ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ብይ ጫኑባት። አምስት፣ አሥር፣ ሃያ ሰባት ብይ።

የምሥጋናው ቡድን ጥቂት ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ ምሥጋናው እግሩን እያየ፣ «ጧፍ ተርፏችኋል?» አለ።

«ጧፍ ለቤተ ክርስቲያን ነው የሚሰጠው፣ ለሰማጭ አይሰጥም» አለው የአብስራ። ሰጠው ግን። እንዴት እንደሚቀባም አሳየው።

መርከቧ ለምን እንደምትንሳፈፍ ፅናትን ጠየቅኋት።

«ውሃው ጠጣሩን ነው የሚውጠው» አለችኝ። «ባዶውን መዋጥ አይችልም። ባዶው በርከት ሲል ያቅተዋል።»

ቡሳን ውስጥ ከመኝታ ክፍሌ መስኮት ወደቡ ይታያል። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ተራራ የሚያህል ብረት ሲንሳፈፍ አየሁ። አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ስለ መንሳፈፍ የሚያወራውን ሕግ ስምንተኛ ክፍል ሸምድጄ፣ ለፈተና ጽፌ፣ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ይኸው ነው የኔ ትምህርት።

ገምጋሚው ዘመን ይባላል። ዓርብ ጠዋት በአውሮፕላን መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይህን መጻፍ ይቀለኝ ነበር። ልጆቹን በስማቸው ጠራ፣ የአብስራን ፀጉር ዳበሰ፣ ታብሌቱን አውጥቶ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። መመዘኛው ሦስት ነው። ከሥዕሉ ጋር መመሳሰል ከአርባ፣ የደረጃዎች ቅደም ተከተል ከአርባ፣ ንጽሕና ከሃያ። ልጆቹ ሳፋውን ከማለዳ ጀምሮ ሞልተው በመስኮቱ ሥር አስቀምጠውታል።

የእነ ፅናት ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መርከብ ነው» አለችው።

«ፊቱ የት ነው?»

«ፊት የለውም። መንሳፈፍ ብቻ ነው ሥራው።»

«ለኖኅ ነው የሠራችሁለት?» አለና ሳቀ።

«ኖኅ የራሱን ሠርቷል» አለው የአብስራ። «ይሄ የኛ ነው።»

ዘመን ይህን ወደደው፤ እየሳቀ ፎቶ አነሣው። ፅናት ሳቁን አምና መርከቧን በሁለት እጇ አነሣችው። «ይንሳፈፋል ጋሼ። ሃያ ሰባት ብይ ይሸከማል። እናሳይዎት?»

«አያስፈልግም የኔ እናት። መንሳፈፍ መመዘኛው ውስጥ የለም።»

ልጆቹ እኔን አዩኝ። ፍሬ ናት የተናገረችው፦ «መርከብ አይደል እንዴ ጋሼ?»

«የመርከብ ሞዴል ነው። ለዕይታ ነው» አለ፤ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ አንድ ነገር እንደሚያስተምራት ሆኖ። «እሺ፣ ከየት ነው የጀመራችሁት?»

«ከላይ» አለች ፅናት።

ጣቱ ታብሌቱ ላይ ወረደ። ስፌቱን በጥፍሩ ፋቀና፣ «ይሄ የሚያጣብቀውስ?» አለ።

«ጧፍ።»

«ባዕድ ነገር» አለ ለራሱ፣ ጣቱም እንደገና ወረደ።

ፅናት ያኔ ገባት። አልጮኸችም፤ ደብተሯን ከፍታ ወረቀቱን አውጥታ ዘረጋችለት። «ውቅር ይላል’ኮ» አለች።

ዘመን ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «ምን ማለቷ ነው?»

አሥራ አምስት ልጆች ያሉበት ክፍል ውስጥ እውነቱን መናገሪያው ቅጽበት ያ ነበር። ቃሉ የኔ ነው፣ ልጅቷ ልክ ናት፤ ስድስት ቃል ነው። እኔ ያልኩት ግን፣ «የቃል ጉዳይ ነው፤ በኋላ አስረዳሃለሁ» የሚል ነው።

ፅናት ወረቀቱን አጣጥፋ መልሳ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

በኋላ፣ ኮሪደሩ ላይ አስረዳሁት። ሁሉንም። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

«ይገባኛል እየሩስ። ግን ‹ትርጉሙ ተሳስቷል› የሚል ቦታ ፎርሙ ላይ የለም። ያየሁትን ነው የምሞላው።»

«ያላየኸውን ነው የሞላኸው። ሳፋው እዚያው ነበር።»

«እሱማ ልክ ነሽ» አለ፣ ሰዓቱን እያየ። «እንዲህ አድርጊ፣ በጽሑፍ ላኪልኝ። ለበላይ አቀርበዋለሁ። እስከዚያው ፈርሚልኝ፤ ያለ አስተባባሪ ፊርማ ስለማይላክ።»

ፈረምኩ። የሰው ፊርማ በጨዋነት ነው የሚወሰደው፤ ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም።

የፅናት ቡድን ከመቶ ስምንት አገኘ። የትምህርት ቤቱ አማካይ ሃምሳ አራት ሆነ። ቅደም ተከተሉን ጠብቀው ነበርና፣ የተጻፈላቸውን ቅደም ተከተል፣ አርባውን አግኝተው ቢሆን ኖሮ አማካዩ ስልሳ ሁለት ይሆን ነበር። ይህን ስሌት ቅዳሜ ጠዋት ደጋግሜ አሰላሁት።

ከዚያ በፊት ግን ዓርብ ከሰዓት ነበረ። ጡቦቹ እንደመጡ ሆነው መመለስ አለባቸው ተባለ። ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ እታገኘሁ የመመለሻውን መመሪያ አነበቡና፣ «የተነካካውን የነካካው ያጽዳ፣ ምን ይደረግ» አሉ። ሰም በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም። ውሃ በማንቆርቆሪያ ተፈልቶ መጣና ሳፋው ውስጥ ተገለበጠ፤ መርከቧ በተንሳፈፈችበት ሳፋ ውስጥ። ፅናት፣ ፍሬና የአብስራ ዙሪያውን ቁጢጥ ብለው ጡቡን አንድ በአንድ በጨርቅ ፈተጉት። የምሥጋናው ቡድንም የራሱን ይዞ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሰሙ እንደ ወተት ስልባቦት ላዩ ላይ ተንሳፈፈ።

ልጆች ከዚህ ምን ተማሩ የሚል ጥያቄ የፎርሙ የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ፤ ሦስት መስመር ተሰጥቶታል። እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። በሦስት ወር ውስጥ ሚዛን ተማሩ፣ ክብደት የት እንደሚቀመጥ ተማሩ፣ ስፌት መድፈን ተማሩ፣ ለሳቀባቸው ሰው ጧፍ ማካፈል ተማሩ። በአንድ ከሰዓት ደግሞ ይህ ሁሉ ነውር እንደሆነና በፈላ ውሃ ታጥቦ መውጣት እንዳለበት ተማሩ። የትኛው ነው የሚቆየው?

ሲጨርሱ ተቆጠረ። አንዲት ሰማያዊ ጡብ ጎደለች። አንዳቸው ደብቋት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ያላየሁ መምሰል ተዘጋጅቼ ነበር። ፅናት ከመደርደሪያው ሥር ገብታ ፈልጋ አገኘቻት። በቀሚሷ ጠርጋ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠቻትና ክዳኑን ራሷ ገጠመችው።

«ቲቸር፣ ለሁልጊዜ ነው ብለውን ነበር» አለችኝ።

«ካለፋችሁ ነው ያልኩት» አልኳት።

አልኳት። ለአንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የመለስኩት መልስ ይህ ነው።

ሰኞ የኔታ በር ላይ ጠበቁኝ፤ የጠየቁኝንም ጠየቁኝ። «አጣራለሁ» ካልኳቸው በኋላ፣ «እኔ ዘንድ ተማሪ ዜማ ሲስት መጀመሪያ የማየው የሰጠሁትን ነው፤ እኔ ስቼ ሰጥቼው እንደሆን» አሉኝ። መቋሚያቸውን አንሥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አላነሡብኝም፤ ሰላምታቸውም አልጎደለም። ፅናት ትምህርት ትመጣለች። ወረቀት ሲሰጣት ግን አሁን መጀመሪያ የጎረቤቷን ታያለች።

የዚያን ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ሻንጣዬን እንኳ ሳላወርድ ስልኬን አወጣሁ። ፅናት መርከቧን በሁለት እጇ ሳፋው ላይ ይዛ፣ ሃያ ሰባቱ ብይ ውስጡ ሆኖ፣ የአብስራ ከኋላ ምላሱን አውጥቶ የተነሣ ፎቶ ነበረኝ። እሱን አስቀደምኩ። ከሥሩ ይህን ጻፍኩ፦

«ዘመን፣ በጽሑፍ ላኪልኝ ባልከኝ መሠረት። ‹ውቅር› የሚለውን ቃል የመረጥኩት እኔ ነኝ። እዚህ አገር ውቅር ማለት ከላይ ተጀምሮ የሚፈለፈል ማለት ነው፤ ልጆቹ የተጻፈላቸውን ሠርተዋል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሦስቴ፦ ስጽፍ፣ ልጅቷ ወረቀቱን ስትዘረጋልህ ዝም ስል፣ ስፈርም። የወደቅሁት እኔ ነኝ ብለህ ሙላ። ለልጆቹ አርባቸውን መልስላቸው፤ አማካዩ ስልሳ ሁለት ይሆናል፣ ሣጥኖቹም የእነሱ ናቸው። ፎቶውን እየው። ይንሳፈፋል።»

መልእክቱ መነበቡን የሚያሳዩት ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች በዚያው ቀን ከሰዓት ታዩ፤ አንብቦታል። አሁን ኅዳር ነው፤ መልሱን እስካሁን እጠብቃለሁ።